የታመመው የትኛው ቅጠል ነው?

(ቦታው ሰበታ፣ በጅማ መንገድ ዳር ያለ የችግኝ መሸጫ ነው። ባለችግኟ ለግቢና ለመንገድ ዳር የሚተከል ዘንባባ ታቀርባለች። ባለሙያው በዕፅዋት ጥበቃ ሥራ ላይ ኖረው ጡረታ የወጡ ናቸው። በመካከላቸው፣ አግዳሚ ወንበር ላይ፣ ሦስት የተቆረጡ የዘንባባ ዝንጣፊዎች ተጋድመዋል።)

ባለችግኟ፦ ጋሼ፣ እስቲ እነዚህን ይዩልኝ። አንዱ ከሱሉልታ፣ አንዱ ከቡራዩ፣ አንዱ ከዚሁ ከሰበታ ነው የመጣው። ሦስቱም ደንበኞች የሚሉት አንድ ነው፤ «የሸጥሽልን ዘንባባ በሽተኛ ነበር፤ ወይ መድኃኒት ስጪን ወይ ቀይሪልን»። ከዚህ ሲወጣ ግን ምንም አልነበረውም።

ባለሙያው፦ መድኃኒቱን ለጊዜው እንተወው። ይሄ የቡራዩው ከዛፉ ከየት ነው የተቆረጠው? ከታች ነው ከአናቱ?

ባለችግኟ፦ ከታች ነው። ቢጫ የሆኑት የታችኞቹ ናቸው፣ አናቱ ደህና ነው ብለዋል።

ባለሙያው፦ የሱሉልታውስ?

ባለችግኟ፦ እሱ ተቃራኒ ነው። የታቹ አረንጓዴ ሆኖ አዲስ የወጣው ነው ቢጫ የሆነው።

ባለሙያው፦ እንግዲህ ሳታውቂው የመልሱን ግማሽ ነግረሽኛል። ሁለቱም ቢጫ ናቸው፣ ችግራቸው ግን አይገናኝም። ፖታሽየም፣ ማግኒዥየምና ናይትሮጂን በዛፉ ውስጥ ከቦታ ቦታ የሚዘዋወሩ ናቸው። አፈሩ ውስጥ ሲጎድሉ ዛፉ ከአሮጌው ቅጠል ያወጣቸውና ለአዲሱ ይልካቸዋል፤ ስለዚህ የሚጎዳው የታችኛው ነው። ብረትና ማንጋኒዝ ግን አንዴ ቅጠል ውስጥ ከገቡ አይወጡም ማለት ይቻላል። ሲጎድሉ ያለ ድርሻው የሚቀረው ገና የሚወጣው ቅጠል ነው። ዘንባባ ታመመ ሲሉሽ መጀመሪያ «የትኛው ቅጠል?» ብለሽ ጠይቂ። ፎቶ ከላኩልሽም ሙሉ ዛፉን ያንሱት፤ የአንድ ቅጠል ፎቶ ያሳስታል።

ባለችግኟ፦ ይሄ ለዘንባባ የተጠና ነገር ነው ወይስ ከስንዴና ከድንች የመጣ?

ባለሙያው፦ መሠረቱ ለሁሉም ተክል ይሠራል። ከዘንባባ ወገን ግን በብዛት ከተጠኑት አንዱ ኮኮናት ነው፤ የብዙ አገር ገበሬ እንጀራ ስለሆነ። ኮኮናት በወር አንድ ገደማ አዲስ ዝንጣፊ ያወጣል፣ ፍሬውም ዓመቱን ሙሉ ይለቀማል። የፍሬው ልባስ ፖታሽየም የበዛበት ነው፤ ፍሬው ተለቅሞ በሄደ ቁጥር የአፈሩ ፖታሽየም አብሮት ይሄዳል። ስለዚህ የዘንባባን ረሃብ ከቅጠሉ ላይ ማንበብን ለዓለም ካስተማሩት ዛፎች አንዱ እሱ ነው።

ባለችግኟ፦ እኔን በሳምንት አንድ ሰው ሳይጠይቀኝ አይቀርም፤ «የኮኮናት ችግኝ አለሽ?» ይለኛል። ማምጣት አለብኝ?

ባለሙያው፦ አታምጪ። ኮኮናት የሚስማማው 27 ዲግሪ አካባቢ የሆነ አማካይ ሙቀት ያለው ቆላ ነው። እዚህ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር አልፈናል፣ ሱሉልታ ደግሞ ከዚህም ይበልጣል። በፕላስቲክ ውስጥ ጥቂት ወር ቢቆይልሽ ነው፤ ከዚያ ብርዱ ይጨርሰዋል። ሌላም ልንገርሽ፤ ስለ ኮኮናት ያነበበ ደንበኛ ዘንባባው ሥር የገበታ ጨው ልበትን ካለሽ አስቁሚው። ኮኮናት ክሎሪን በብዛት ይፈልጋል፤ ፊሊፒንስ ውስጥ ፍሬ ለሚሰጥ አንድ ዛፍ በዓመት እስከ 2 ኪሎ ገደማ ጨው ይሰጡታል። እኛ ዘንድ በሚተከሉት ላይ ግን ጨው አፈር ከማበላሸት ውጭ ትርፍ የለውም።

ባለችግኟ፦ እሺ፣ ወደ ቡራዩው እንመለስ። ይሄ ግንዱ ወፍራም የሆነው ዓይነት ነው።

ባለሙያው፦ የካናሪ ደሴቶች ዘንባባ ነው፤ የቴምር ዘመድ። ዝንጣፊውን አንሺና ወደ ፀሐይ አድርገሽ እዪው። ምን ይታይሻል?

ባለችግኟ፦ ብርቱካን የመሰሉ ነጠብጣቦች አሉ። ብርሃን ያሳልፋሉ። ጫፉ ደርቋል፣ የተጠበሰ ነው የሚመስለው፤ ተጠቅልሏልም።

ባለሙያው፦ አሁን በጣትሽ ዳብሺው። ነጠብጣቡ ይቆረቁራል?

ባለችግኟ፦ አይቆረቁርም፣ ለስላሳ ነው። ቆይ ግን፣ እዚህ ጋ ትንንሽ ጥቁር ነገር አለ። ይሄኛው ይቆረቁራል፣ ኪንታሮት ነው የሚመስለው።

ባለሙያው፦ ጥሩ ጣት አለሽ። ለስላሳውና ብርሃን የሚያሳልፈው የፖታሽየም እጥረት ነው። ጥቁሩና የሚቆረቁረው ግራፊዮላ የሚባል ፈንገስ ነው፤ የቴምር ዘመዶችን ይወዳል፣ እርጥበት ባለበትና ቅጠል በተጨናነቀበት ይበዛል። ሁለቱ አንድ ቅጠል ላይ ሲገናኙ ሰው ፈንገሱን ያይና ወደ መድኃኒት ሱቅ ይሮጣል። ፈንገሱ ግን ዛፉን አይገድለውም። የሚገድለው ረሃቡ ነው።

ባለችግኟ፦ ማግኒዥየም ቢሆን ኖሮ ምን ይመስል ነበር?

ባለሙያው፦ ማግኒዥየም ነጠብጣብ አያወጣም። ዝንጣፊው ጠርዝ ጠርዙን ሰፋ ባለ የሎሚ ቢጫ ይከበብና መሐሉ አረንጓዴ ሆኖ ይቀራል። ከሩቅ ሲያዩት ያምራል፣ ለጌጥ የበቀለ ነው የሚመስለው። ይሄው የካናሪ ዘንባባ ቶሎ የሚጠቃበት ችግር ነው፤ መልክ እንጂ ነፍስ አይነካም። ፖታሽየም ግን ሲብስ አዲስ የሚወጣው ቅጠል እያነሰ፣ ግንዱም ወደ ላይ እየቀጠነ ይሄዳል። ግንዱ አናቱ ላይ ከሾለ ዛፉ ብዙ ዓመት ተርቧል ማለት ነው።

ባለችግኟ፦ የቡራዩው ደንበኛ አትክልተኛ ቢጫ የሆነውን በሙሉ ቆርጦ ጥሎታል። አናቱ ላይ አምስት ስድስት ዝንጣፊ ብቻ ነው የተወለት። «አሁን ንጹሕ ሆነ» ብሎ ፎቶ ልኮልኛል።

ባለሙያው፦ ያስጨነቀኝ ይሄ ነው። ዛፉ አፈር ውስጥ ፖታሽየም ሲያጣ የሚኖረው ከታችኞቹ ቅጠሎች እየወሰደ ነው አላልኩሽም? ቢጫው ቅጠል ጎተራው ነው። አትክልተኛው የቆረጠው ጎተራውን ነው። ከዚያስ ዛፉ ምን ያደርጋል? ከቀጣዩ አረንጓዴ ቅጠል መውሰድ ይጀምራል፤ እሱም በተራው ቢጫ ይሆናል፤ አትክልተኛው እሱንም ይቆርጣል። በ1994 እ.ኤ.አ. የፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲው ቲሞቲ ብሮሻት በድንክ ዘንባባዎች ላይ ይህንኑ ፈትሾ ነበር፤ ፖታሽየም የጎደላቸውን ቅጠሎች መቁረጥ የዛፉን ማሽቆልቆል እንደሚያፋጥን አሳይቷል።

ባለችግኟ፦ እውነት ነው ብዬ ልቀበል። ግን ጋሼ፣ ሰው ዘንባባ የሚገዛው ለምንድን ነው? አረንጓዴ እንዲሆንለት ነው። መንገድ ዳር የተከለም ሆነ ሆቴል በር ላይ ያቆመ፣ ኃላፊው መጥቶ ቢጫ ካየ አትክልተኛውን ነው የሚቆጣው። አትክልተኛው የዕለት ጉርሱን ትቶ ስለ ፖታሽየም ሊያስረዳ ነው?

ባለሙያው፦ አትክልተኛውን አልወቅሰውም። የሚሠራው ኃላፊው የሚያየውን ነው። ሆኖም መስማማት የሚቻልበት መስመር አለ። ሙሉ በሙሉ ደርቆ ቡናማ የሆነውን ይቁረጥ፤ ዛፉ ከእሱ የሚወስደው ነገር አልቋል። ትንሽም ቢሆን አረንጓዴ ወይም ቢጫ ያለበትን ይተወው። ይህች ብቻ ብትከበር ግማሹ ዘንባባ ይድናል።

ባለችግኟ፦ ማዳበሪያስ? እኛ የምናገኘው ዩሪያና ኤንፒኤስ ነው። ቢጫ ሲሆን ሁሉም ሰው ዩሪያ ነው የሚጨምርበት።

ባለሙያው፦ ስማቸውን ራሱ ቁጠሪው። ዩሪያ ናይትሮጂን ብቻ ነው። ኤንፒኤስ ናይትሮጂን፣ ፎስፈረስና ድኝ ነው። ፖታሽየም የታለ? የተራበውን ዛፍ ዩሪያ ስትሰጪው እንዲያድግ ትገፊዋለሽ፤ ባደገ ቁጥር ፖታሽየም የበለጠ ይፈልጋል፤ እጥረቱ ይብስበታል። ለዘንባባ የተመከረ አንድ የታወቀ ድብልቅ አለ፤ ናይትሮጂን 8፣ ፎስፈረስ 2፣ ፖታሽየም 12፣ ማግኒዥየም 4። ተመልከቺ፣ ፖታሽየሙ ከናይትሮጂኑ ይበልጣል። ፎስፈረስ ትንሽ ነው። የእኛ ገበያ ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው።

ባለችግኟ፦ ለምን እንዲህ ሆነ?

ባለሙያው፦ ለረጅም ጊዜ የኢትዮጵያ አፈር ፖታሽየም ሞልቶታል ሲባል ስለኖረ ነው። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መርፊ የተባለው ተመራማሪ የአገሪቱን አፈር አጥንቶ ያወጣው መረጃ ለዚህ አስተሳሰብ ዋና ማስረጃ ሆኖ ሲጠቀስ ነበር። ከ2012 እ.ኤ.አ. ወዲህ በተደረገው አገር አቀፍ የአፈር ካርታ ሥራ ነው ድኝ፣ ቦሮን፣ ዚንክ፣ በየቦታውም ፖታሽየም እንደሚጎድል የታየው። ዳፕ የሚባለው ማዳበሪያ ቀርቶ ኤንፒኤስ የመጣውም ከዚያ በኋላ ነው። የሚገርመው ዳሎል ውስጥ ከባሕር ጠለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ባለ ቦታ ትልቅ የፖታሽ ክምችት ተኝቷል። አንቺ ግን አንድ ኪሎ ፖታሽ ፈልገሽ ከሱቅ ሱቅ ትዞሪያለሽ።

ባለችግኟ፦ ታዲያ ከየት ላምጣ?

ባለሙያው፦ የአበባ እርሻዎች ከመስኖ ውሃ ጋር እያዋሃዱ የሚሰጡት ፖታሽየም ናይትሬት፣ ፖታሽየም ሰልፌትና ማግኒዥየም ሰልፌት አለ። ለእነሱ ግብዓት የሚያቀርቡ ነጋዴዎችን ጠይቂ። ፖታሽየሙን ስትሰጪ ማግኒዥየሙን አትርሺ፤ አንዱ ብቻውን ከበዛ ሌላውን ያስርበዋል። አንዴ ብዙ ከመድፋት ትንሽ ትንሹን ደጋግሞ መስጠት ይሻላል፤ ግንዱ ሥር አትከምሪው፣ ዙሪያውን በትኝው። በደንብ የበሰለ ፍግም ጥሩ ነው። አመድም አለ።

ባለችግኟ፦ አመድ? እናቴ እንሰት ሥር የምትደፋው?

ባለሙያው፦ እሱው። የእንጨት አመድ ፖታሽየም አለው። ግን ካልሲየምም ስላለው የአፈርን አሲድነት ይቀንሳል። እንደ ሆለታ አካባቢ አሲዳማ በሆነ ቀይ አፈር ላይ ሁለት ጥቅም ይሰጣል፤ ገበሬው እኮ እዚያ ኖራ ገዝቶ ነው የሚበትነው። ሌላ ቦታ ላይ ግን ጉዳት ያመጣል። ለምን እንደሆነ ይሄን የሰበታውን ዝንጣፊ ስናይ እነግርሻለሁ።

ባለችግኟ፦ እሱ ያስፈራኛል። አዲስ የሚወጣው ቅጠል አንሷል፣ ተጨማድዷል፣ እሳት የነካው ነው የሚመስለው። ያያቸው ሁሉ «ቫይረስ ነው» አሏቸው።

ባለሙያው፦ ማንጋኒዝ ነው። በጣም ጥቂት ነው የሚያስፈልገው፤ ሲታጣ ግን ይገድላል፤ ምክንያቱም የሚያጠቃው አናቱን ነው። ዘንባባ እንደ ባሕር ዛፍ ወይም እንደ ዋንዛ ጎን ለጎን አያቆጠቁጥም። ብዙዎቹ ባለ አንድ ግንድ ዘንባባዎች የማደጊያ ልባቸው አንድ ብቻ ነው። እሱ ከሞተ ዛፉ አለቀ። ግን ንገሪኝ፤ የተተከለው የት ነው?

ባለችግኟ፦ አዲስ በተሠራ መንገድ ዳር። ጉድጓዱን እኔም አይቼዋለሁ። ሰሌክት ሞልተውበት ነበር፤ የኮንክሪት ስብርባሪ፣ የተረፈ ሲሚንቶ፣ ከላይ አንድ ክንድ ቀይ አፈር።

ባለሙያው፦ በይ መልሱ ያው ነው። ሲሚንቶና የኮንክሪት ስብርባሪ ኖራ አለበት፤ አፈሩን አልካላይን ያደርገዋል። እንዲህ ባለ አፈር ውስጥ ማንጋኒዝ ቢኖርም እንኳ ሥሩ ሊወስደው አይችልም። የደጋው ቅዝቃዜ ደግሞ ይጨመርበታል፤ አፈር ሲቀዘቅዝ ሥር ስለሚሰንፍ ማንጋኒዝ መውሰድ ያቅተዋል። አሁን ሰውየው ምክር ሰምቶ አመድ ቢደፋበት ምን ይሆናል?

ባለችግኟ፦ ይብስበታል።

ባለሙያው፦ ይብስበታል። የሚያስፈልገው ማንጋኒዝ ሰልፌት ነው፤ በአፈሩም ይሰጣል፣ በቅጠሉም ይረጫል። የተጨማደደው ቅጠል ግን አይቃናም፤ ለውጡ የሚታየው በሚቀጥለው ቅጠል ነው። ዋናው መፍትሔ ግን ጉድጓዱ ነው። ከመትከል በፊት ፍርስራሹ ይውጣ፤ ሰፊ ጉድጓድ ውስጥ እውነተኛ አፈር ይግባ። አዲስ አበባ ላይ በኮሪደር ልማቱ፣ አሁን ደግሞ በዙሪያዋ ባሉት ከተሞች መንገድ ዳር ዘንባባ ሲተከል ሁሉም የሚያየው ከመሬት በላይ ያለውን ነው። የዘንባባው ዕድሜ የሚወሰነው ግን ጉድጓዱ ውስጥ በገባው ነገር ነው።

ባለችግኟ፦ የሱሉልታው ቀረን። አዲሱ ቅጠል ወጥ በሆነ ሁኔታ ገርጥቷል፤ አልተጨማደደም፣ ነጠብጣብም የለውም።

ባለሙያው፦ ብረት ይመስላል። ግን ብረት ፍለጋ ሱቅ አትሂጂ። በዘንባባ ላይ የብረት እጥረት አብዛኛውን ጊዜ ብረት ስለጠፋ አይመጣም፤ ሥሩ ትንፋሽ ስላጣ ነው። ሱሉልታ ሜዳው ላይ ያለውን ጥቁር አፈር ታውቂዋለሽ።

ባለችግኟ፦ ዋልካ! ክረምት ላይ መኪና የሚውጥ፣ በጋ ላይ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ የሚያወጣ።

ባለሙያው፦ እዚያ ውስጥ ጉድጓድ ቆፍረሽ ዘንባባ ስትተክዪ ክረምቱን ሙሉ ውሃ የሚቋጥር ገንዳ ነው የሠራሽው። ሥሩ ይታፈናል። ላይኛው ቅጠል ይገረጣል። ባለቤቱ ደግሞ «ጠማው» ብሎ ውሃ ይጨምራል። ሌላው ነገር ጥልቀቱ ነው፤ ንፋስ እንዳይጥለው ብለው ግንዱን ግማሽ ሜትር የሚቀብሩ አሉ?

ባለችግኟ፦ አሉ እንጂ። «ጠለቅ አድርገህ ትከለው» ነው የሚባለው።

ባለሙያው፦ ዘንባባ በፕላስቲኩ ውስጥ በነበረው ልክ ነው መተከል ያለበት። ከዚያ በላይ ከተቀበረ ይኸው መገርጣት ይመጣል፤ አንዳንዴም ከዓመታት በኋላ። ሱሉልታ ላይ ከመሬት ከፍ አድርገሽ አፈር ከምረሽ ጉብታው ላይ ትከዪ፣ ውሃው የሚወርድበት ቦይ አውጪለት። ገበሬው ዋልካ ላይ ለስንዴው መደብ የሚያወጣው ለዚሁ ነው። ከጥቅምት እስከ ጥር ደግሞ ውርጭ አለ። ውርጭ ሲመታው በአንድ ሌሊት ነው ቅጠሉ ቡናማ የሚሆነው፤ በሽታ ግን ቀስ እያለ ነው የሚመጣው። ያንንም ቶሎ አትቁረጪ፤ ብርዱ እስኪያልፍ ልቡን ይሸፍንለታል።

ባለችግኟ፦ እስካሁን ረሃብ፣ ሲሚንቶ፣ ውሃ ነው ያሉኝ። በሽታ የሚባል ነገር የለም ማለት ነው?

ባለሙያው፦ አለ እንጂ። ሲመጣም ምሕረት የለውም። አናቱ ላይ ገና ያልተፈታውን ቅጠል ይዘሽ ቀስ ብለሽ ሳቢው። ጤነኛ ከሆነ አይነቃነቅም። ተነቅሎ እጅሽ ላይ ከቀረ፣ ሥሩም በስብሶ ከሸተተ፣ ልቡ ተበልቷል። ፋይቶፍቶራ የሚባለው የድንች ዋግ ዘመድ አንዱ አምጪ ነው። አናቱ ላይ ውሃ መርጨት፣ ጥላና ጭንቅንቅ ይጋብዘዋል። ቶሎ ከተደረሰበት ለድንች የሚረጩት ሪዶሚል ሊረዳ ይችላል፤ የዘገየበት ግን ይነቀላል። የካናሪውን ዘንባባ ደግሞ ፉዛሪየም የሚባል ፈንገስ ያጠወልገዋል። ዝንጣፊውን እዪው፤ በአንድ ጎን ያሉት ቅጠሎች ደርቀው በሌላው ጎን ያሉት አረንጓዴ ከሆኑ፣ መሐል አጥንቱም ላይ ቡናማ መስመር ከወረደ፣ እሱን ጠርጥሪ። መድኃኒት የለውም። በቦታው ላይም ያንኑ ዓይነት መልሰሽ አትተክዪም። የሚተላለፍበትን ዋና መንገድ ገምቺ።

ባለችግኟ፦ ንፋስ?

ባለሙያው፦ መጋዝ።

ባለችግኟ፦ መጋዝ! ታዲያ ይሄ እንደ እንሰቱ በሽታ፣ እንደ አጠውልግ ማለት አይደለም?

ባለሙያው፦ ቀጥዪ፣ ንገሪኝ። ጉራጌ አገር ያየሽውን ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ።

ባለችግኟ፦ እናቴ ጓሮ ውስጥ እንሰቱ መሐል ቅጠሉ ጎንበስ ካለ ማንም ሌላውን እንዲነካ አትፈቅድም ነበር። የቅጠሉን እጀታ ትቆርጥና ትጠብቃለች። ትንሽ ቆይቶ ቢጫ ዝልግልግ ነገር ከወጣ አለቀ፤ ከነሥሩ ተነቅሎ ርቆ ይቀበራል። ቢላው እሳት ላይ ይደረጋል። ከዚያ ጓሮ ቢላ መዋስም ማዋስም የለም። ከብትም የታመመውን ቅጠል እንዲበላ አይለቀቅም።

ባለሙያው፦ ያ ዝልግልግ ባክቴሪያው ራሱ ነው። እንሰትን የሚያጠወልገው ዛንቶሞናስ መሆኑን ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ ለዓለም ያስታወቁት በ1968 እ.ኤ.አ. ነው። በ1974 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሙዝንም እንደሚይዝ ከዚሁ ከኢትዮጵያ ተዘገበ። በ2001 እ.ኤ.አ. ኡጋንዳ ገባና በምሥራቅ አፍሪካ ብዙ የሙዝ እርሻ አጠፋ። እስከ ዛሬ ፈውስ የለውም። እንደ ማዚያ ያሉ በሽታውን ይበልጥ የሚቋቋሙ የእንሰት ዝርያዎች አሉ፣ አረካ የምርምር ማዕከልም ሲሠራበት የኖረ ጉዳይ ነው። ገበሬውን ግን ከሁሉም በላይ የጠበቀው የቢላ ንጽሕና ነው። አሁን ከተማ ውስጥ ዘንባባ የሚቆርጠውን ሰው ተመልከቺው፤ በአንድ ገጀራ ከአንዱ ዛፍ ወደ ሌላው፣ ሙሉ ጎዳናውን በአንድ ቀን።

ባለችግኟ፦ እናቴ ብታየው ገጀራውን ትቀማው ነበር።

ባለሙያው፦ የሚያስፈልገንም እሱ ነው። አንድ እጅ በረኪና በሦስት እጅ ውሃ፣ መሣሪያው 10 ደቂቃ ይነከርበት። ሁለት መጋዝ ይያዝ፤ አንዱ ሲነከር በሌላው ይሥራ። ከበረኪናው ሲወጣ ይታጠብ፣ አለበለዚያ ይዝጋል። የሞተር መጋዝ ደግሞ አጽድቶ መጨረስ ስለማይቻል ለዘንባባ ባይገባ ይመረጣል።

ባለችግኟ፦ ትልልቅ ዘንባባ ከውጭ አስመጥተን እንሽጥ የሚሉኝ አሉ። ያደገ ዛፍ በአንድ ቀን ይቆማል፣ ደንበኛም ይወደዋል።

ባለሙያው፦ እሱ ላይ ጠንክሪ። ቀይ የዘንባባ ነቀዝ የሚባለው ጥንዚዛ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ ከእስያ ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ገባ፤ ከዚያ ወዲያ የሜዲትራኒያንን ዳርቻ አዳረሰ። ይዞት የሄደው ሌላ ሳይሆን የሚሸጥ የዘንባባ ችግኝ ነው። ትሉ ግንዱ ውስጥ ሆኖ ሲበላ ከውጭ ምንም አይታይም፤ አናቱ ሲያዘም ብቻ ነው የሚታወቀው። የአፍላ ቁስል ሽታ ደግሞ ጥንዚዛውን ይጠራዋል፤ ይሄም ላለመቁረጥ ሌላ ምክንያት ነው። ጃማይካን ብትወስጂ፣ ገዳይ ቢጫ የሚባለው በሽታ በ1960ዎቹና በ70ዎቹ እ.ኤ.አ. በሚሊዮን የሚቆጠር ኮኮናት ጨርሶባታል። ይቋቋማሉ ተብለው የተተከሉት ዝርያዎችም በኋላ ወድቀዋል። አንድን ዝርያ ከዳር እስከ ዳር የደረደረ ከተማ በአንድ በሽታ ሙሉ ጎዳና ሊያጣ ይችላል። የኳራንታይን ፈቃድ የሌለውን ዛፍ በርካሽም ቢሆን አትግዢ። የአገራችንን ዘንባባ ለምን አታበዢም?

ባለችግኟ፦ የሆሳዕናውን?

ባለሙያው፦ አዎ፣ ወንዝ ዳር የሚበቅለውን። ከሥሩ ስለሚያቆጠቁጥ አንዱ ግንድ ቢሞት ሌላው ይተካዋል። እርጥበትም ይችላል።

ባለችግኟ፦ እሱም ችግር አለው። ሆሳዕና ሲደርስ ይመለጣል። እኔም ዝንጣፊ እሸጣለሁ፣ አልዋሽም። ሰው ለጋ ለጋውን ነው የሚፈልገው፤ ለቀለበት፣ ለመስቀል ስለሚመች።

ባለሙያው፦ ለበዓሉ ዝንጣፊ መቁረጥ ነውር የለበትም። ከአንድ ግንድ ሁሉን አለመውሰድ፣ ገና ያልተፈታውንና አጠገቡ ያሉትን አለመንካት፣ ባለፈው ዓመት የተቆረጠውን ዘንድሮ ማሳረፍ ነው። ከልብ ላይ የተወሰደ አንድ ለጋ ከታች ከተወሰዱ ሦስት ይበልጥ ይጎዳል።

ባለችግኟ፦ እሺ ጋሼ፣ ለሦስቱ ደንበኞች ምን ልበል? ቡራዩ፣ ፖታሽየምና ማግኒዥየም፣ መቁረጥ ክልክል። ሰበታ፣ ፍርስራሹ ይውጣ፣ ማንጋኒዝ፣ አመድ ክልክል። ሱሉልታ፣ ቦይ ይውጣ፣ ከፍ ተደርጎ ይተከል፣ ውሃ ይቀነስ። ልክ ነኝ?

ባለሙያው፦ ልክ ነሽ። ብዙ ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት ግን አፈሩን ላቦራቶሪ ያስመርምሩት፤ ዓይን ይጠቁማል እንጂ አይመዝንም። አንድ ነገር ጨምሪላቸው፤ የቡራዩው በአንድ ወር አይድንም። የተጎዳው ቅጠል ተመልሶ አይለመልምም፤ አዲስ ወጥቶ አሮጌውን እስኪተካ ሁለት ሦስት ዓመት ይፈጃል።

ባለችግኟ፦ ችግሩ እዚህ ላይ ነው። የእንክብካቤ ውል የሚሰጠኝ ሰው የሚዋዋለው ለአንድ ዓመት ነው። ርክክቡ ላይ ኮሚቴ መጥቶ አረንጓዴ ቅጠል ይቆጥራል። እኔ ቢጫውን ትቼ ዛፉን ሳድነው ክፍያ ይያዝብኛል፤ ሌላው ቢጫውን ቆርጦ ዛፉን ሲገድለው ይከፈለዋል። በሚቀጥለው ዓመት ሲደርቅ ደግሞ ሌላ ጨረታ ይወጣል። እኔ ምክር አልጎደለኝም፤ የጎደለው ውሉ ነው።

ባለሙያው፦ ይሄን እኔም አልመለስኩትም፤ ልክ ነሽ። ውሉ ውስጥ የሚቆጠረው ነገር ይቀየር። ቢጫ ቅጠል አይቆጠር። አናቱ ላይ በዓመት ስንት ጤነኛ ቅጠል ወጣ፣ ግንዱ ቀጠነ ወይስ እንደነበረ ነው፣ መጋዙ ተነከረ ወይ፣ ይሄ ይቆጠር። ሲተከልም ጉድጓዱ ከመሞላቱ በፊት ርክክብ ይደረግበት። መንገድ ሠሪው እኮ አስፋልት ከማልበሱ በፊት ሥሩ ያለው ንጣፍ ይፈተሽበታል።

ባለችግኟ፦ እስከዚያው እኔ በራሴ ደረሰኝ ላይ እጽፈዋለሁ። ፍርስራሽ ውስጥ የተተከለ፣ ከልኩ በላይ የተቀበረ፣ አረንጓዴ ሳለ የተቆረጠ ዘንባባ ዋስትና የለውም። ይሄን ያከበረልኝን ግን ለሁለት ዓመት ዋስ እሆነዋለሁ፤ ማዳበሪያውንም ራሴ እየሄድኩ እሰጣለሁ።

ባለሙያው፦ ዋጋሽ ከጎረቤትሽ ይወደዳል።

ባለችግኟ፦ ይወደድ። አይሆንልኝም ያለ ባሕር ዛፍ ይትከል፤ እሱን ከአንገቱ ቢቆርጡትም ያቆጠቁጣል።